ጉልት፣ ገዳና ዘመነ መሳፍንት፦ በታሪካዊ ጌም ሞድ ውስጥ የመንግሥት ሥርዓቶችን ማመጣጠን

የታሪካዊ ስትራቴጂ ጌም ሞድ (የጌሙን ይዘት የሚለውጥ ተጨማሪ ፋይል) የሚሠራ ሰው ካርታውን ከሣለ፣ ሰንደቅ ዓላማዎቹን ካዘጋጀና የነገሥታቱን ስም ከደረደረ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ባሕር ዳር ውስጥ ከሥራ መልስ ማታ ማታ እየተቀመጥሁ የጣናን ዙሪያና የአፍሪካን ቀንድ «ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4» ለተባለው ጌም እንደገና ስሠራ እኔም እንዲሁ መስሎኝ ነበር። ካርታው ሦስት ወር ፈጀብኝ፤ የመንግሥት ሥርዓቶቹ ግን ከአንድ ዓመት በላይ አስቸገሩኝ። ጉልትን፣ ገዳንና የእንደራሴ አገዛዝን ተጫዋቹ ከልቡ እያመነታ የሚመርጣቸው አማራጮች ማድረግ አውራጃ ከመደልደል እጅግ የተለየ ሙያ ነውና። ይህ መመሪያ ያን ሙያ ብቻ ይመለከታል፤ ሞድ እንዴት እንደሚጫንና ፋይሉ የት እንደሚቀመጥ አንባቢው ያውቃል ብዬ አልፌዋለሁ።

ጌሙ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 11 ቀን 1444 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ያን ጊዜ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከነገሡ ዐሥር ዓመት ሆኗቸው ነበር። የሚያበቃው ደግሞ በ1821 መጀመሪያ፣ በዘመነ መሳፍንት መካከል ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ያው አንድ ዘውድ መጀመሪያ በድንኳን ከአገር አገር የሚዞር ሠፈር ነበረው፤ ከ1636 ጀምሮ ጎንደር ላይ ግንብ ሠርቶ ተቀመጠ፤ ከ1769 በኋላ ደግሞ ንጉሡ በግንቡ ውስጥ ተቀምጦ ሥልጣኑ ወደ ራሶች ተሻገረ። «ኢትዮጵያ፦ ንጉሣዊ አገዛዝ» ብሎ ይህን ሁሉ በአንድ ስም ማለፍ ታሪኩንም ጨዋታውንም ያደኸያል።

ቁጥር ከመጻፍ በፊት

ለእያንዳንዱ ሥርዓት ተጫዋቹ የሚጠይቀውን አንድ ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ጉልት «ገንዘብ ሳይኖረኝ ጦር ከየት አመጣለሁ?» ለሚለው መልስ ነው። ገዳ «ያልቻለ መሪ ያለ ደም እንዴት ይለወጣል?» ለሚለው ነው። ተዘዋዋሪው ሠፈር «ሩቅ ያለ ሹም እንዳይሸፍት ምን ላድርግ?» ለሚለው ሲሆን፣ ንጉሡ ያለ ምክሬቾ ሸንጎ ብዙ የማይንቀሳቀስበት የካፋ መንግሥት ደግሞ «ንጉሡ በችኮላ አገር እንዳያጠፋ ማን ይይዘዋል?» ለሚለው ነው። ጥያቄ ያልተገኘለት ሥርዓት ስም ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለውን ያለ ርኅራኄ መሰረዝ ይሻላል። እኔ ከጻፍኋቸው 14 ሥርዓቶች በዚህ መንገድ የተረፉት ስድስቱ ብቻ ናቸው።

ጥያቄው ከታወቀ በኋላ ብዙ ሞድ ሠሪዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ይመጣል። «ማመጣጠን» ሲባል ለሁሉም እኩል ብልጫ ማደል ይመስላቸውና ለአንዱ 10 በመቶ ግብር፣ ለሌላው 10 በመቶ የጦር ብርታት፣ ለሦስተኛው 10 በመቶ የንግድ ገቢ ይሰጣሉ። እንዲህ ያሉ ሥርዓቶች በወረቀት ላይ እኩል ሆነው ይታያሉ፤ ተጫዋቹ ግን ለአጨዋወቱ የሚስማማውን አንድ ጊዜ መርጦ እስከ መጨረሻው ይረሳዋል። ሚዛኑ ያለው በዋጋው ላይ ነው፤ ዋጋውም ብልጫው በሚሠራበት ሰዓት፣ ብልጫው በሚሠራበት እጅ መከፈል አለበት።

ጉልት፦ ዱቤ አይሠራም

ይህን የተማርሁት በጉልት ነው። ጉልት ንጉሡ ከአንድ አገር የሚገባውን ግብር ለሹም ወይም ለደብር ለቆ በምትኩ አገልግሎት የሚያገኝበት ሥርዓት ነው፤ መሬቱ ራሱ ግን በርስትነት የባለርስቱ ሆኖ ይቀራል። በሞዴ ውስጥ አንድ መካከለኛ አውራጃ በዓመት 12 ወርቅ ያስገባል። 1,000 ሰው ያለው አንድ ሻለቃ ደግሞ በዓመት 4 ወርቅ ቀለብ ይበላል። ስለዚህ አውራጃውን በራሱ እጅ የሚያስተዳድር ንጉሥ በገቢው 3 ሻለቃ ማቆም ይችላል።

በመጀመሪያው እትም ለጉልተኛ የተሰጠ አውራጃ 6 ሻለቃ ያመጣ ነበር። ሞዱን የሞከሩልኝ ሰዎች ሁሉ ጌሙ በተጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አገሩን በሙሉ በጉልት አደሉ፤ እንደ እነሱ ብሆን እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው። በሁለተኛው እትም ወደ 3 አወረድሁት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማንም ጉልት የሚሰጥ ጠፋ። ሲታሰብ ግልጽ ነው፤ 12 ወርቅ ወደ 3 ሻለቃ ሊለወጥ ይችላል፣ ወደ ድልድይ ወይም ወደ እጅ መንሻም ሊለወጥ ይችላል፤ የጉልት ሻለቃ ግን ሁልጊዜ ሻለቃ ብቻ ነው። በቁጥር እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች አንዱ ተመንዛሪ ሌላው የማይመነዘር ከሆነ እኩል አይደሉም፤ የማይመነዘረው ጭማሪ ያስፈልገዋል። ቁጥሩ 4 ላይ ሲቆም ሰዎች ማመንታት ጀመሩ።

ነገር ግን ቁጥሩ ብቻውን አልበቃም። መጀመሪያ የጉልትን ዋጋ ያስቀመጥሁት ከ50 ዓመት በኋላ ላይ ነበር፤ ጉልቱ ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ ጉልተኛው ይገዝፋል፣ በመጨረሻም ይሸፍታል። ታሪካዊ ነው ብዬ ኮርቼበት ነበር። ችግሩ ከሞካሪዎቼ አብዛኞቹ 50ኛውን ዓመት ከማየታቸው በፊት አዲስ ጨዋታ ይጀምራሉ፤ የደረሱትም ሽፍታውን ከሰጡት ጉልት ጋር አያገናኙትም፣ «ጌሙ ተበላሽቷል» ይላሉ። በዱቤ የወሰደ ሰው ባለሱቁ ሲመጣ ሰፈር ቀይሯል ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋውን እጅ በእጅ አደረግሁት። እያንዳንዱ ጉልተኛ ከ0 እስከ 100 የሚደርስ ታማኝነት አለው፤ ለዘመቻ በተጠራ ቁጥር 5፣ ዘመቻው ክረምቱን አልፎ ከቀጠለ ደግሞ ሌላ 10 ይቀነስበታል። ከ50 በታች ከወረደ የሚመጣው ጦር ግማሹ ነው፤ ከ25 በታች ከወረደ ጉልተኛው አምባው ላይ ተቀምጦ የታመመ መልእክተኛ ይልካል። (የመልእክተኛው ሰበብ በስድስት ዓይነት ተጽፏል፤ ከሞዱ ሁሉ ሰዎች በጣም የወደዱት ይህንን ነው፣ ከሚዛኑ ጋር ግን ግንኙነት የለውም።)

ዘርዐ ያዕቆብ የነባር ገዥዎችን ሥልጣን ነሥተው በየአውራጃው ሴት ልጆቻቸውን እንደሾሙ ይታወቃል። በሞዱ ውስጥ ይህ ጉልትን የሚያካክስ አማራጭ ሆኖ ገብቷል፤ የታማኝነትን ቁጥር ጨርሶ ያስቀረዋል፣ ነገር ግን ከንጉሡ ዕድሜ ጋር የታሠረ ነው። ንጉሡ ሲሞት ሹመቱ ሁሉ በአንድ ቀን ይፈርሳል። ልጃቸው በእደ ማርያም በ1468 ሲነግሡ ብዙውን የአባታቸውን አሠራር ስለሻሩ፣ እዚህ ላይ ዋጋውን መፈልሰፍ አላስፈለገኝም።

ቅናሽ ሲደራረብ

ይህ ክፍል አጭር ነው፣ ሆኖም ብዙ ሞዶችን የሚገድለው ይህ ስሕተት ነው። በጌሙ ውስጥ አብዛኞቹ የመቶኛ ብልጫዎች የሚደመሩ ናቸው። 100 ወርቅ የሚያስወጣ ነገር ላይ አንድ የ20 በመቶ ቅናሽ 80 ያደርሰዋል፤ ሁለተኛው 60፣ ሦስተኛው 40፣ አራተኛው 20። የመጀመሪያው ቅናሽ ከወጪው አንድ አምስተኛ ሲቀንስ፣ አራተኛው ያንኑ 20 በመቶ ተብሎ የቀረውን ወጪ በግማሽ ቆረጠው። የመንግሥት ሥርዓታችሁ የሚሰጠው 20 በመቶ ብቻውን ሲታይ መጠነኛ ነው፤ ሌላ ቦታ 60 በመቶ ባጠራቀመ ተጫዋች እጅ ግን ከሥርዓቶቹ ሁሉ የበለጠ ይሆናል። ቢባዙ ኖሮ 80፣ 64፣ 51፣ 41 እያሉ በዝግታ ይወርዱ ነበር። የጌሙን ሒሳብ መለወጥ ስለማይቻል፣ ለመንግሥት ሥርዓት የወጪ ቅናሽ አትስጡ፤ የተቆረጠ ቁጥር ስጡ። «ድልድይ 20 በመቶ ይረክሳል» ከማለት «በየ10 ዓመቱ አንድ ድልድይ ያለ ክፍያ ይሠራል» ማለት ይሻላል፤ ይህኛው ከማንም ጋር አይደመርም።

ገዳና የመምረጥ ጥቅም

ብዙ ጌሞች ቤተ መንግሥትና የዘር አልጋ ወራሽ የሌለውን ሁሉ «ጎሳ» በሚል ክፍል ውስጥ ይከቱታል፤ ያ ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ ተጫዋቹ ቶሎ ሊወጣበት የሚገባ ደካማ ደረጃ ተደርጎ ይሠራል። ገዳን እዚያ ማስገባት የታሪክ ስሕተት ነው፤ የሚዛን ስሕተትም ነው። በየ8 ዓመቱ ሥልጣን የሚያሸጋግር፣ በጨፌ (በገዳ ሸንጎ) የሚመክርና ሕግ የሚያወጣ ሥርዓት የራሱ ጥያቄና የራሱ መልስ አለው። ስለዚህ ለብቻው ክፍል ሠራሁለት፤ ከመጠን በላይ ያበረታሁትም እዚያው ላይ ነው።

በጌሙ ውስጥ አንድ መሪ በየዘርፉ ከ0 እስከ 6 የሚደርስ ችሎታ አለው። ሁሉም ቁጥር እኩል የመውጣት ዕድል አለው ብለን ብናስብ፣ የዘር ንጉሥ አማካይ ችሎታ 3 ነው። ለገዳ ሦስት ዕጩዎች አቅርቤ ተጫዋቹ አንዱን እንዲመርጥ ስፈቅድ ያው ዳይ ነው የተጣለው ብዬ አስቤ ነበር። አይደለም። ከሦስት የሚመረጠው ከፍተኛ ቁጥር በአማካይ ወደ 4.7 ይጠጋል፤ ከሁለት የሚመረጠው እንኳ 4.1 ገደማ ነው። አንዲት «ምረጥ» የምትል ቁልፍ በፋይሉ ውስጥ ምንም ብልጫ ሳይጻፍ ከየትኛውም ዘውድ የበለጠ መንግሥት ፈጠረች። ስለዚህ ምርጫ በምትሰጡበት ቦታ ሁሉ፣ አማካዩን ሳይሆን ከፍተኛውን አስሉ።

ዕጩዎቹን ወደ ሁለት አወረድሁና ዋጋውን ርክክቡ ላይ አስቀመጥሁት። ሥልጣን የሚረከበው ወገን የቀደመው የጀመረውን ጦርነት ጨፌ ፊት አቅርቦ ካላጸደቀ ጦሩ ይመለሳል፤ በመጨረሻው የሥልጣን ዓመት አዲስ ጦርነት ማወጅ አይቻልም። ተጫዋቹ ጥሩ መሪ ያገኛል፣ ነገር ግን ዕቅዱን ሁሉ በ8 ዓመት ልክ መቁረጥ አለበት። ደካማ ንጉሥ 30 ዓመት አልጋ ላይ ሊቆይበት የሚችል ጎረቤቱ ደግሞ፣ ብርቱ ንጉሥ ሲወጣለት 30 ዓመት ሙሉ ያለ ርክክብ ይሠራል። ሚዛኑ የተገኘው ሁለቱ የሚፈሩት ነገር የተለያየ በመሆኑ ነው።

ንጉሥ አለ፣ ሥልጣን የለም

ራስ ሥዑል ሚካኤል በ1769 ዐፄ ኢዮአስን ካስገደሉ በኋላ እስከ 1855 ድረስ የጎንደር ዙፋን አውጪና አስቀማጭ ነበረው። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ደጋግመው ነግሠው ደጋግመው ከመውረዳቸው የተነሣ «ፍጻሜ መንግሥት» ተባሉ፤ እውነተኛውን ሥልጣን ይዘው የቆዩት የየጁ መሳፍንት ደግሞ መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር ላይ አደረጉ። ሞዴ ጊዜውን እስከ 1855 ስለሚያራዝመው ይህን ሥርዓት ሳልሠራ ማለፍ አልቻልሁም።

እንዲህ ያለውን ባለ ሁለት ፎቅ መንግሥት ለመሥራት ሁለት ቁጥር ያስፈልጋል፤ የእንደራሴው ኃይልና የዘውዱ ክብር። ተጫዋቹ ራሱ እንደራሴው ነው፤ አውራጃዎች ግን የሚታዘዙት ለዘውዱ ክብር ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ንጉሥ መለወጥ ያለ ዋጋ ስለነበረና አዲሱ ንጉሥ ትንሽ ክብር ይዞ ስለሚመጣ፣ አንድ ሞካሪ በ20 ዓመት ውስጥ 11 ንጉሥ እንደ ጋቢ አወለቀ። አሁን እያንዳንዱ ሽረት ከክብሩ 30 ይቀንሳል፤ ክብሩ በዓመት የሚመለሰው 1 ብቻ ነው። ከ20 በታች ከወረደ ማንኛውም የአውራጃ ገዥ የራሱን ንጉሥ ማቅረብ ይችላል፤ ዜሮ ሲገባ ደግሞ አንድ ገዥ ዘውዱን በራሱ ላይ የሚደፋበት መንገድ ይከፈታል። የቋራው ካሣ በ1853 አይሻል ላይ ራስ ዓሊን፣ በ1855 ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡበትን ሁኔታ ጌሙ በዚህ መንገድ ራሱ ያመጣዋል፤ በቀን ተቆርጦ የተጻፈ ክስተት አላስፈለገም።

እዚህ ላይ የራሴን አንድ ሽንፈት ልጨምር። የባሕር ዳር ሰው ነኝና የጣናን ደሴቶች የሚመራ «የገዳማት መንግሥት» ልሠራ ሞክሬ ነበር። ለመጫወት ደስ ይል ነበር፤ ግን ውሸት ነበር። ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት ዐፅም ያረፈበት፣ ገዳማቱም ጉልት የተሰጣቸው፣ በክፉ ቀን ንዋያተ ቅድሳት የሚሸሸግባቸው ቦታዎች ናቸው እንጂ ጦር የሚያዘምት መንግሥት አልነበሩም። ስለዚህ ሥርዓቱን ሰርዤ ደሴቶቹን ግምጃ ቤት አደረግኋቸው፤ እዚያ የተቀመጠ ወርቅ ዋናው ከተማ ቢቃጠል አይዘረፍም፣ ነገር ግን ለማውጣት የታንኳ ጉዞና የአበምኔቱ ፈቃድ ስለሚጠይቅ በጦርነት መካከል ለቀለብ አይደርስም። ከዚያ ወዲህ ከሌላው ሥርዓት ሁሉ ጋር ተስማምተው ይኖራሉ።

ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፍ

ሥርዓት መለወጥ የአንድ ቁልፍ ሥራ ከሆነ የደከማችሁበት ዋጋ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ተጫዋቹ በጦርነት ጊዜ ጉልት፣ በሰላም ጊዜ ቀጥታ ግዛት እያለ ይመላለሳል። ለውጥ ዓመታት የሚፈጅ መንገድ ይሁን፤ በመንገዱ ላይ ሳለም ተጫዋቹ የአሮጌውን ዋጋ እየከፈለ የአዲሱን ብልጫ ገና አያግኝ። መንገዱን በጉልበት ለማሳጠር ለሚፈልግ ግን በሩን አትዝጉ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ አገሩን በግድ ሊያስከትሉ ሞከሩ፤ ዐመፁና ደሙ በ1632 አዋጁን እስኪሽሩና ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ እስኪለቁ አደረሳቸው። በሞዱ ውስጥ በግድ የተደረገ ለውጥ መንገዱን ከ20 ዓመት ወደ 5 ያሳጥረዋል፤ በእነዚያ 5 ዓመታት ግን ቤተ ክህነትም መኳንንትም በአንድነት ይነሣሉ። ተጫዋቹ በማንኛውም ጊዜ ዙፋኑን ለአልጋ ወራሹ ለቆ ዐመፁን በአንድ ቀን ሊያበርድ ይችላል፤ ለውጡ ግን ወደ መነሻው ይመለሳል።

ፍተሻ

ፍተሻው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። የመጀመሪያው ኮምፒውተሩ ራሱን በራሱ እንዲጫወት መተው ነው። ጌሙ የታዛቢ ሁነታ ስላለው፣ ከ1444 እስከ 1600 ያለውን ጊዜ ደጋግማችሁ አስኪዱና እያንዳንዱ ሥርዓት በስንተኛው ዓመት እንደወደቀ ብቻ መዝግቡ። እኔ ለአንድ እትም አሥር ጊዜ አስኬዳለሁ። ኮምፒውተሩ ዋጋ እንደማይፈራ አትርሱ፤ ጉልተኛውን በየክረምቱ እየጠራ ታማኝነቱን ዜሮ ያደርሰዋል። ይህን ስታዩ ሥርዓቱ ደካማ ነው ብላችሁ ቁጥሩን አትጨምሩ፤ ታማኝነቱ ከ40 በታች ሲሆን እንዳይጠራ ለኮምፒውተሩ ብቻ የሚሠራ ክልከላ ጻፉለት።

ሁለተኛው ሰው ነው። ምንም ሳታስረዱ አጠገቡ ተቀመጡና የሚናገረውን ትታችሁ እጁን ተመልከቱ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ ላይ የ40 ደቂቃ ባትሪ ሲቀር፣ ታናሽ ወንድሜ ቤጌምድርን ለጉልተኛ የሚሰጥበት መስኮት ላይ ደርሶ ነበር። ጠቋሚው «ስጥ» ከሚለው ወደ «አቆይ» ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ከዚያ ማውዙን ለቀቀና ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ክረምት ሲገባ ጥለውኝ ይሄዳሉ እንዴ?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም፤ ባለ ካሬ ደብተሬ ላይ ሰዓቱን፣ አውራጃውንና 4 ቁጥርን ጻፍሁ። በአራት እትም ውስጥ በዚያ መስኮት ላይ እጁ ሲቆም ያየሁት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ያ ቁጥር ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነካም።

መመዝገብ ያለበት ይኸው ነው፤ እጅ የቆመበት ቦታና ሳይቆም ያለፈበት ቦታ። ሰው ሁልጊዜ ሳያመነታ «እሺ» የሚልበት መስኮት ዋጋው ረክሷል፤ ሁልጊዜ ሳያነብ የሚዘጋው መስኮት ደግሞ ዋጋው ተወዷል። «ገዳ ይበልጣል» ወይም «ጎንደር ደካማ ናት» የሚል አስተያየት ሲመጣ ማን ስንት ዓመት እንደተጫወተ ሳትጠይቁ ቁጥር አትንኩ፤ ገዳ ይበልጣል ያለኝ አንድ ሰው ሁለት ርክክብ ብቻ ያየ ሆኖ ተገኝቷል።

በአንድ እትም ውስጥ በአንድ ሥርዓት ላይ ከአንድ ቁጥር በላይ አትለውጡ፤ ሁለት ከለወጣችሁ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ፋይል ሰብስቡና ከእያንዳንዱ አጠገብ የቀድሞውን ቁጥርና የተለወጠበትን ምክንያት በአንድ መስመር ጻፉ። የሥርዓት ለውጥ የቆየ የጨዋታ ሴቭ ሊያበላሽ ስለሚችል የእትሙን ቁጥር በሞዱ ስም ላይ አድርጉት፤ የድሮውንም እትም ጨዋታቸውን ሳይጨርሱ ለቀሩ ሰዎች ሳታጠፉ አቆዩላቸው።